ቀበናን ፎቶ ሳነሳ ወይ ፖስትካርድ ይሆናል ወይ የቆሻሻ ዜና፣ ምን ይሻላል?

የቀበናው ልጅ፦
ሰላም ናችሁ፣ ስድስት ወር ሆነኝ ቀበና ወንዝን ዳር ዳሩን እየሄድኩ ፎቶ ሳነሳ፣ ሀሳቤ ከተማውና ተፈጥሮው እንዴት እንደሚገፋፉ ማሳየት ነበር ግን ሰፋ አድርጌ ሳነሳው ከኋላ ፎቅ ከፊት አረንጓዴ፣ ያምራል በቃ፣ ጠጋ ስል ደግሞ የፕላስቲክ ክምር ብቻ ይሆንና ዜና ይመስላል። አንድ የምወዳት ፎቶ አለችኝ፣ ሾላ ግንድ ላይ በሚስማር የተመታ የማስታወቂያ ቆርቆሮ፣ ዛፉ አድጎ አድጎ የቆርቆሮውን ጠርዝ ውጦታል፣ ሚስማሩ ጭራሽ አይታይም። እንደሷ ያለ ደግሜ ማግኘት አቃተኝ።

ጥላና ብርሃን፦
ወንድሜ ቆርቆሮዋ ላይ እኮ ማን ማንን እንደገፋ አይታወቅም፣ ለዛ ነው የያዘችህ። የሚካኤል ፀጋዬን ስራዎች እይ፣ ሰዓሊ ነበር፣ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ነው ወደ ካሜራ የዞረው፣ የአዲስ አበባን መለዋወጥ ስንት ጊዜ አንስቶታል። መቃብር ላይ የተለጠፉ የሟቾች ፎቶዎችን ያነሳበት ስራ አለው፣ ፊታቸውን ፀሐይና ዝናብ በልቶታል፣ እኔ እሱን ካየሁ በኋላ ዛፍ ብቻ ተፈጥሮ ነው ማለት ትቻለሁ።

ናይሮቢ ነኝ፦
ኒክ ብራንት የሚባለውን ፎቶ አንሺም ጨምርበት። እዚህ ኬንያ የዝሆንና የቀጭኔ ፎቶ በቁመታቸው ልክ አሳትሞ ድሮ ይሄዱበት የነበረ ቦታ ላይ አቆመው፣ አሁን ቆሻሻ መጣያ፣ ድንጋይ ማውጫ፣ የድልድይ ስር የሆነ ቦታ ላይ፣ ከዛ ሁሉንም አንድ ላይ አነሳው፣ መጽሐፉ 2016 ላይ ወጣ። እኔን ግን የነካኝ ዝሆኑ አይደለም፣ አጠገቡ ያሉት ሰዎች እንደሌለ ሆኖ ኑሯቸውን መኖራቸው ነው። አንተ ፎቶዎች ላይ ሰው አለ?

እንጦጦ ስር፦
እኔ ደግሞ ተፈጥሮ የምትለው የቱ ነው እላለሁ። እንጦጦን የሸፈነው ባህር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ ከተማዋ ማገዶ አልቆባት ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፣ የድሮውን ጽድና ወይራ ከፈለግክ ቤተክርስቲያን ግቢ ግባ። ደግሞ ቦታ አትቀያይር፣ አንድ ቦታ ምረጥና በአንድ ሌንስ በጋም ክረምትም ተመላለስ።

የቀበናው ልጅ፦
ሰው የለም፣ ሆን ብዬ ሰዎች አልፈው እስኪሄዱ እየጠበቅኩ ነበር የማነሳው፣ ጥፋቴ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ድልድዩ ስር ግንቡ ላይ የክረምት ውሃ የደረሰበት የጭቃ መስመር አለ፣ ከደረቴ በላይ ነው፣ ከሱ ዝቅ ብሎ ሰዎች ልብስ ያሰጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት እዛ ነኝ፣ መጀመሪያ ግን አስፈቅዳቸዋለሁ።