የሰሜን ደሴቶች ጉዞ፦ ለመርከብ ድርጅቱ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ
ጤና ይስጥልን ወገኖች። የኤድንብራና የለንደን አባላት በጋራ የምንልከው ረቂቅ ይኸው። አርባ ሰው ሆነን ትንሽ መርከብ እንከራያለን። ስኮትላንድ ውስጥ ከኦባን ወደብ ተነሥተን ሴንት ኪልዳ፣ ኦርክኒና ፉላ የሚባሉትን ደሴቶች አይተን ሼትላንድ ውስጥ ሌርዊክ ላይ እንወርዳለን። ከዚያ ሌሊቱን የሚጓዘው ፌሪ አበርዲን ያደርሰናል። ጊዜው ኦገስት አጋማሽ። አስተያየት ያለው አሁን ይናገር፤ ከተላከ በኋላ «እኔ መቼ ተጠየቅሁ» የለም።

እማማ፣ ከለንደን
ልጄ፣ ኦገስት አጋማሽ ፍልሰታ መሆኑ ጠፋህ? ግማሻችን እንጾማለን። ሰኔም እንዳትሉ፣ የሐዋርያት ጾም አለ። እሱ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው።

ጸሐፊ
ልክ ነዎት እማማ። እንግዲህ የሚቀረን ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ያለው ነው። እንዲያውም ይሻላል። ፓፊን የሚባሉት ባለቀለም መንቁር ወፎች ኦገስት ሲገባ ገደሉን ለቀው ወደ ባሕር ይሄዳሉ። ጁላይ አጋማሽ ላይ ደግሞ ሼትላንድ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አራት አልፎ ነው። የረቡዕና የዓርብ ምግብ በጽሑፍ እንጠይቃለን። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እባካችሁ እዚህ አንጀምረው።

አባል፣ ከኤድንብራ
ሴንት ኪልዳን ዋና መድረሻ ማድረጋችን ያሰጋኛል። ከሄብሪዲስ ደሴቶች በስተምዕራብ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ክፍት ውቅያኖስ ላይ ነው ያለችው። መርከብ የሚቆምበት የመንደሩ ባሕረ ሰላጤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተከፈተ ነው። ነፋሱ ከዚያ ከመጣ በጎማ ጀልባ መውረድ አይሞከርም።

ከተወረደ ግን ሌላ ነገር ነው። ሂርታ በምትባለው ትልቋ ደሴት ላይ ክሌት የሚሏቸው ከ1,200 በላይ ትናንሽ ጎተራዎች አሉ። ያለ ጭቃ በድንጋይ የተካቡ፣ ጣሪያቸው ሣር የለበሰ። ነፋስ በድንጋዩ መሃል ስለሚያልፍ የባሕር ወፍ ሥጋ እንደ ቋንጣ ይደርቅባቸው ነበር። ሰዉ የሚኖረው ገደል ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚይዛቸው ወፎችና በእንቁላላቸው ነበርና። ወጣቱ እየተሰደደ አለቀ። የቀሩት 36 ሰዎች ራሳቸው «አውጡን» ብለው ለመንግሥት አመለከቱና እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1930 በባሕር ኃይል መርከብ ወጡ። በየቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው፣ ጥቂት አጃ አስቀምጠው ነው በሩን የዘጉት።

ስለዚህ «እንወርዳለን» ሳይሆን «አየሩ ከፈቀደ እንወርዳለን» ተብሎ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ
እሱ ብቻ አይበቃም። አየሩ ካልፈቀደስ? ምትኩ የት እንደሆነ ውሉ ላይ ካልሰፈረ አባሉ አንገቴን የሚይዘው የእኔን ነው። ወሳኙ ካፒቴኑ ነው ቢሉ አልቃወምም፤ ባሕር ላይ ኮሚቴ አያስፈልግም። ይህ ሳይገባ ግን ቀብድ አልከፍልም።

ጋሼ፣ ከለንደን
ኦርክኒን በአንድ ቀን ጨርሳችኋታል። ስካራ ብሬ እኮ 5,000 ዓመት የሞላው መንደር ነው፤ ከጊዛ ፒራሚዶች ይቀድማል። አልጋው፣ መደርደሪያው፣ ምድጃው ሁሉ ድንጋይ ስለሆነ እስከ ዛሬ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1850 ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ ነው ያጋለጠው። ለእሱ ብቻ ግማሽ ቀን ይገባዋል።

እዚያው ኦርክኒ፣ ላም ሆልም በምትባል ደሴት ላይ ያለውን የጣልያኖች ጸሎት ቤትም እንዳትዘሉት። አባቴ አርበኛ ነበሩ፤ ይህን ስል ቢሰሙኝ ጉድ ይፈላ ነበር። ሥራው ግን ሥራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሜን አፍሪካ ተማርከው የመጡ እስረኞች ሁለት የወታደር ቆርቆሮ ቤቶች ገጥመው ሠሩት። መብራት ማንጠልጠያውን ከሥጋ ጣሳ ነው የቆረጡት። ሥዕሉን የሣለው ዶሜኒኮ ኪዮኬቲ ጓደኞቹ ሲሄዱ የቀረውን ሊጨርስ ወደ ኋላ ቀረ።

ወጣት አባል
ለእኔ ዋናዋ ፉላ ናት። ሠላሳ ያህል ሰው ነው የሚኖርባት። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስትቀይር እነሱ በዓላቸውን አልነኩም። ገናን ጃንዋሪ 6፣ አዲስ ዓመትን ጃንዋሪ 13 ያከብራሉ! «ገና እኮ አለፈ» የሚለንን የሥራ ባልደረባ ሁሉ ወስደን ብናሳየው።

እማማ፣ ከለንደን
እሰይ! ግን በአንድ ቀን ለምን ቀደሙን?

ወጣት አባል
እ.ኤ.አ. በ1900 የመጣ ነው እማማ። አሮጌው አቆጣጠር ያን ዓመት አንድ ቀን ሲጨምር አዲሱ አልጨመረም፤ ልዩነቱ ከ12 ወደ 13 ቀን አደገ። ፉላዎች በ12ቱ ቀሩ።

አባል፣ ከኤድንብራ
አርባ ሆነን ከወረድን እኮ ከነዋሪው እንበልጣለን! ለመርከብ ድርጅቱ ከመጻፋችን በፊት ለእነሱ እንጻፍ። ቀኑ ይመቻቸዋል? በአንዴ ስንት ሰው ይችላሉ? ቤታቸው በር ላይ ካሜራ ደግነን እንዳንገኝ። ባዶ እጅም አይኬድም፤ ጀበናችንን ይዘን እዚያው ቡና እናፍላላቸው።

ገንዘብ ያዥ
ቡናው ይሁን። እጣኑን ግን ካቢን ውስጥ እንዳትሞክሩት፤ የእሳት ማንቂያው መርከቡን በሙሉ ያስነሣል።

ጸሐፊ
እሺ፣ ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ይሆናል። ጁላይ አጋማሽ። ኦርክኒ ሁለት ቀን፣ ስካራ ብሬና ጸሎት ቤቱ በተለያየ ቀን። ፉላ በሁለት ቡድን፣ ነዋሪዎቹ ከፈቀዱ ብቻ፤ ደብዳቤውን ከኤድንብራ እንዲጽፉ አደራ ብያለሁ። ሴንት ኪልዳ አየሩ ከፈቀደ፤ ካልፈቀደ ምትኩ ፌር አይል፣ ሹራባቸው የታወቀው ደሴት። ገንዘብ ያዡ የጠየቀው አንቀጽ ገብቷል።

ሴንት ኪልዳ የምትወርዱ ጫማና ቦርሳችሁን አጽዱ። አይጥ ወይም የውጭ ዘር እንዳይገባ ስለሚሰጉ ጥንቃቄው ጥብቅ ነው። ከጎማ ጀልባ ወደ እርጥብ ድንጋይ መውጣት ጉልበቱ የማይችል ደግሞ እስከ እሑድ በግል ይጻፍልኝ፤ ለካፒቴኑ ቁጥሩን መስጠት አለብን።