የድሮ የክሊፕ ካሴትና ቪሲዲ በስማርት ቲቪ ሲታይ ለምን ይበላሻል?

ቀበና ማዶ፦
ሰላም ለቤቱ። ያሉኝ የዘፈን ክሊፖች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የቪዲዮ ካሴት (ግማሹ እዚህ የተገዛ፣ ግማሹ ከአሜሪካ የመጣ) እና ቪሲዲ። ፍላሽ ላይ ተገልብጠው በ43 ኢንች ስማርት ቲቪ እንዲታዩ፣ በቴሌግራምም ለዘመድ እንዲላኩ ነው የምፈልገው። ካሴቱን በርካሽ የዩኤስቢ መቅረጫ ላፕቶፕ ላይ አስገባሁት፤ ውጤቱ ግን ይኸው፦

ተወዛዋዦቹ ሲንቀሳቀሱ ጠርዛቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ሰዉ ሁሉ አጥሮ ወፍሯል። ድምፁ ሲጀምር ልክ ነው፣ ወደ መጨረሻው ግን ከከንፈር ኋላ ይቀራል። የአሜሪካዎቹ ካሴቶች ቀለም የላቸውም። ቪሲዲው ደግሞ ኮፒ ሲደረግ መሃል ላይ ይቆማል። ሁሉም በድሮው ቴሌቪዥን ደህና ይታዩ ነበር። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ዴክ ጠጋኝ፦
ከማበጠሪያው እንጀምር፣ ዋናው እሱ ነው። ብልሽት አይደለም፤ የካሴቱ ምስል ድሮም እንደዚያ ነው የተቀረጸው። እዚህ የምንጠቀምበት ፓል የሚባለው የቪዲዮ ስታንዳርድ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ሙሉ ምስል) አለው። እያንዳንዱ ፍሬም ለሁለት ይከፈልና መጀመሪያ የጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹ፣ ከ1/50 ሴኮንድ በኋላ ደግሞ የሙሉ ቁጥር መስመሮቹ ይመጣሉ። ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን ሁለቱን በየተራ ይስላቸው ነበር። ላፕቶፑ ግን ደርቦ አንድ ምስል ያደርጋቸዋል፤ በዚያች ቅጽበት ትከሻው ቦታ ስለቀየረ በሁለት ቦታ ይታያል። ቆሞ የሚዘፍን ሰው ላይ ብዙም አያስታውቅም፣ እስክስታ ላይ ግን አፍጥጦ ይወጣል።

መፍትሔው ሀንድብሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ፊልተርስ ውስጥ ዲኢንተርሌስ (የተከፈሉትን መስመሮች የሚያስተካክለው) የሚለውን ያዲፍ አድርጎ፣ ከጎኑ ካሉት ምርጫዎች ቦብ የሚለውን መውሰድ፤ ሁለቱ ግማሾች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ምስል እንዲሆኑ ፍሬም ሬቱን (በሴኮንድ የፍሬም ብዛት) 50 ማድረግ፤ ጥራቱን (አርኤፍ) ከ18 እስከ 20 መተው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 25ን ይመርጥና ግማሹን እንቅስቃሴ ይጥለዋል። ማበጠሪያው ይጠፋል፣ እስክስታው ግን ይንቀጫቀጫል፣ ከዚያ "ካሴቱ አርጅቷል" ይባላል። ካሴቱ ምንም አልሆነም።

የማጠሩ ነገር ቀላል ነው። ፋይሉ 720 በ576 ፒክሴል (ነጥብ) ቢሆንም መታየት ያለበት በ4:3፣ ማለትም በ768 በ576 ልክ ነው። ቴሌቪዥኑ 16:9 ለመሙላት ስለሚለጥጠው ሰው ይወፍራል። በሪሞቱ ፒክቸር ሳይዝ ውስጥ 4:3 ይምረጡ፤ በጎንና በጎን ጥቁር ቢቀር ልክ ነው ማለት ነው።

ድምፁ የሚዘገየው መቅረጫው ፍሬም ስለሚጥል ነው። የካሴት ሲግናል ይወዛወዛል፤ ርካሽ መቅረጫ ሲደናገር ምስሉን ይዘልና ድምፁን ይቀጥላል። መቅረጫውን በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩ፣ ሌላ ፕሮግራም ይዝጉ፣ ፍላሽ ላይ ሳይሆን የውስጥ ዲስክ ላይ ይቅረጹ። ዲቪዲ ሪከርደር ከተገኘ ከዴኩ ወደ ሪከርደሩ፣ ከሪከርደሩ ወደ መቅረጫው ማሳለፍ ነው፤ ብዙዎቹ ሲግናሉን ያረጋጉታል። ካሴቱን ሙሉ ሰዓት በአንድ ፋይል ከመቅረጽ አንድ አንድ ክሊፕ እየቆረጡ መቅረጽም ልዩነቱን ያሳንሰዋል።

ሁለት ስታንዳርድ፦
የአሜሪካዎቹ ካሴቶች ኤንቲኤስሲ በሚባለው በዚያው አገር ስታንዳርድ የተቀረጹ ናቸው፤ 525 መስመር፣ በሴኮንድ 29.97 ፍሬም። መጀመሪያ የመቅረጫውን ፕሮግራም ቪዲዮ ስታንዳርድ ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ ይቀይሩ። ቀለም ካልመጣ ችግሩ ዴኩ ነው። እዚህ አገር ያሉ ብዙ ዴኮች የአሜሪካን ካሴት የሚያጫውቱት በፓል 60 ነው፤ መስመሩ የኤንቲኤስሲ፣ ቀለሙ ግን የፓል። ለቴሌቪዥን ይስማማል፤ አብዛኞቹ መቅረጫዎች ግን አያውቁትም፣ ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ይሰጣሉ። ኤንቲኤስሲን ሳይነካ የሚያወጣ መልቲሲስተም ዴክ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ የመጣ ዴክ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከጀርባው ያለውን ቮልቴጅ ያንብቡ፤ 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። ለእነዚህ በሀንድብሬክ 50 የተባለው 59.94 ይሆናል።

ማንኛውንም ካሴት ከማስገባትዎ በፊት በመስኮቱ ወደ ውስጥ ይዩ። የቴፑ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ አያስገቡት። የዴኩን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) ያበላሽና ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል። ንጹሕ ከሆነም መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳልፎ መመለስ፣ ከዚያ ማጫወት ነው፤ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ቴፕ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ሲዲ ቤት፦
ቪሲዲውን እኔ ልውሰደው። ቪሲዲ ለምን ከሌላ ሲዲ ይልቅ ጭረት እንደሚፈራ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በዳታ ሲዲ እያንዳንዱ ሴክተር (ሲዲው የተከፋፈለበት ትንሽ ክፍል) 2048 ባይት ይይዛል፣ የቀረው ቦታ ለስህተት ማረሚያ ነው። ቪሲዲ አብዛኛውን የዚያን ማረሚያ ቦታ ለቪዲዮ አውሎ በአንድ ሴክተር 2324 ባይት ይይዛል። 74 ደቂቃ የሚገባው በዚህ ነው። ማጫወቻው የተጫረውን ዘሎ ያልፋል፤ ኮምፒውተር ኮፒ ሲያደርግ ግን አንድ ሴክተር ካልተነበበ ሙሉውን ይተዋል።

ዲስኩን በለብታ ውኃና በትንሽ ሳሙና ያጥቡ፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ያድርቁ፤ ዙሪያውን አይሹት፣ የጥርስ ሳሙና የሚሏችሁንም አትስሙ። ከዚያ አይሶበስተር በሚባለው ፕሮግራም ያውጡት፤ ያልተነበበውን ዘሎ እንዲቀጥል ይጠይቅዎታል። ፋይሉ ኤምፔግኤቪ የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው፣ ስሙ በዳት (.dat) ያልቃል። ቴሌቪዥኑ ስለማይቀበለው በሀንድብሬክ ወደ ኤምፒ4 ይለውጡት። ልብ ይበሉ፦ ቪሲዲ ሲሠራ መስመሩ ስላልተከፈለ ከላይ የተባለውን ዲኢንተርሌስ ያጥፉት፣ ካላጠፉት ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ከ352 በ288 በላይ ግን አይጠብቁ። ለ21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ከሳሎኑ ማዶ ለሚቀመጥ ሰው በቂ ነበር።

ቀበና ማዶ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰው ሁሉ ክሊፕ የሚያየው በስልክ ሆኗልና ዩቲዩብ ላይ ብጭነውስ? እዚያ ያሉት የድሮ ክሊፖችም ያው የተንቀጫቀጩ ናቸው።

ሁለት ስታንዳርድ፦
የሚንቀጫቀጩት ዩቲዩብ 50 ፍሬም የሚያሳየው ከ720 ጥራት ጀምሮ ስለሆነ ነው። 576ቱን እንዳለ ከጫኑት ወደ 25 ይወርዳል። ከመጫን በፊት ወደ 960 በ720 ማሳደግ፣ ጥቁሩን ጎን ቪዲዮው ውስጥ አለመጨመር። ግን የራስዎ ያልሆነ ዘፈን ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ የዩቲዩብ መለያ ዘዴም ድምፁን ሊያውቀው ይችላል። ባለመብቱ አቤት ብሎ ሦስት ማስጠንቀቂያ በ90 ቀን ውስጥ ከደረሰ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ፈቃድ ይጠይቁ፣ ካልሆነ ለቤት ያቆዩት።

ዴክ ጠጋኝ፦
ለቴሌግራም በቪዲዮ ሳይሆን በፋይል ይላኩ፤ በቪዲዮ ከላኩት እንደገና ይጨመቃል። ነፃው አካውንት እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል። ፍላሹ ደግሞ ፎርማቱ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይገባበትም፤ ትልቅ ፋይል የሚቀበለውን ኤክስፋት የተባለ ፎርማት የማያነብ ቴሌቪዥን ስላለም ክሊፕ በክሊፕ የቆረጡት እዚህም ይጠቅምዎታል።