ላምዳ ሦስት ጊዜ ተረጭቶም ያልሞተ የጥቅል ጎመን ትል

ጠያቂ፦ 60 ችግኝ ጥቅል ጎመን ከተተከለ አንድ ወር ሆኖታል። ትሉ ቅጠሉን ከሥር ግጦ ከላይ እንደ ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ልጣጭ ያስቀራል። አረንጓዴ ነው፣ ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ላምዳ ሳይሃሎትሪን የተባለው ፀረ ተባይ በ10 ቀን ልዩነት 3 ጊዜ ተረጭቷል፤ ትሉ ግን ባሰበት። ምን ይሻላል?

ጓሮ፦ በስንጥር ንካው። ወደ ኋላ እየተፈራገጠ ሸሽቶ በቀጭን ክር ከተንጠለጠለ ዳይመንድባክ የተባለው የእሳት እራት ትል ነው። ሁለቱም ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። ላምዳና መሰሎቹን ከለመደ ቆይቷል፤ መድኃኒቱ የሚፈጀው ትሉን የሚያጠቁትን ጥቃቅን ተርቦች ነው። ለዚህ ነው የባሰበት።

ጠያቂ፦ ልክ ነው፣ በክር ወረደ። አመድ ብነሰንስበትስ?

ኩትኳቶ፦ አመዱ ከላይ ይቀራል፣ ትሉ ያለው ከሥር ነው። የኒም ዛፍ ካገኘህ (ድሬዳዋ አካባቢ አይጠፋም) የደረቀውን ፍሬ ፈልፍለህ ውስጡን ውቀጥ። ለ1 ሊትር ውኃ 50 ግራም፣ ለ10 ሊትር ግማሽ ኪሎ። በጨርቅ ቋጥረህ ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ ጠዋት ጨምቀህ አጥልል፤ ካላጠለልከው የመርጫው አፍ ይደፈናል። በ10 ሊትሩ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምር። የጎመን ቅጠል ሰም ስላለው ያለ ሳሙና ውኃው ተንከባሎ ይወርዳል። የዚያኑ ቀን ወደ ማታ የመርጫውን አፍ ወደ ላይ አዙረህ ከቅጠሉ ሥር እርጭ፤ ፀሐይ ያበላሸዋል። በማግስቱ ሬሳ አትጠብቅ፣ ኒም መብላት ነው የሚያስተወው። በሳምንቱ ድገመው።

ጓሮ፦ ቢቲ (ትል የሚገድል ባክቴሪያ ያለበት መድኃኒት) ከተገኘ እሱ ይሻላል፣ መጠኑ እንደ መለያ ወረቀቱ። ትሉ ካልበላው አይሠራም፤ ገና ትንሽ ሳለ ነው የሚይዘው። 60 እግር ደግሞ በእጅ ይለቀማል፦ መረብ የመሰለ ነጭ ሽፋን ውስጥ ያለውን ሙሽሬ ጨፍልቀው። ከሁሉ በላይ መሐሉን ጠብቅ። ሳይጠቀለል እምብርቱ ከተበላ በአንድ ራስ ፈንታ ትናንሽ ራሶች ያወጣል። የውጭው ቅጠል ቢበሳሳ ግድ የለም።

ኩትኳቶ፦ ስትሰበስብ ጉቶውን ነቅለህ ቅበር፤ ከተተወ ትሉ እዚያው ላይ ይራባል። በቦታው ጎመን፣ ሰናፍጭ ወይም ፍጅል አትድገም፤ ሽንኩርት ወይም ካሮት ይሁን።