«የከዋክብት ልደት ምጣኔ» ምን ማለት ነው?

ንባብ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ድንክ ጋላክሲዎች (ትናንሽ የከዋክብት ስብስቦች) ሳነብ ይቺ ዓረፍተ ነገር ያዘችኝ። «የከዋክብት ልደት ምጣኔ በሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን ሲለካ፣ በአልትራቫዮሌት ከተለካው አንሶ ይገኛል።» «ምጣኔ» እዚህ ጋ ብዛት ነው ወይስ ፍጥነት?

ዘጎንጅ፦ ከምጣኔው በፊት «ልደት» ይታረም። ልደት ወላጅ ይፈልጋል። በጸሎተ ሃይማኖት «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ»፣ የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ፣ የምንለው ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዋክብት የረቡዕ ፍጥረት ናቸው። «አፈጣጠር» ይባል።

ሀሌታ፦ መምህር፣ ይፍቀዱልኝና ዘፍጥረት 1፥16 በግእዙ «ገብረ» ነው የሚለው፤ «ፈጠረ» አይልም። ደግሞ «ሐሳብ ተወለደ» እንላለን። ማን አምጦ?

ዘጎንጅ፦ «ገብረ» ካልክማ የኔን አጸናህልኝ። ተገብረ እንጂ አልተወለደም። ቅኔ ቤት ዓመታት የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ፊደል፦ «ምጣኔ» የመጣው «ይመጥናል» ከሚለው ይመስለኛል። ለጋላክሲው ቁመት የሚመጥን ማለት ነው።

ስበት፦ ፊደል፣ እዚህ ጋ እንደሱ አይደለም። «የወሊድ ምጣኔ» እንደምንለው ነው። በዓመት ስንት ፀሐይ የሚመዝን ጋዝ ኮከብ ሆነ? በኛ ጋላክሲ፣ በፍኖተ ሐሊብ («የወተት መንገድ»)፣ ከ1 እስከ 2 ገደማ ነው። በድንኮቹ እጅግ ያንሳል፤ ችግሩም እዚያ ነው። ቀዩ ብርሃን የሚመጣው በጣም ግዙፍና ትኩስ ከዋክብት ዙሪያቸውን ያለውን ሃይድሮጅን ሲያበሩት ነው። እነሱ ደግሞ ቶሎ ይሞታሉ። ስለዚህ የሚያሳየን ያለፉትን 10 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ብቻ ነው። አልትራቫዮሌቱ ግን እስከ 100 ሚሊዮን ዓመት ወደኋላ ያያል፤ አነስ ያሉትና ቆይተው የሚሞቱትም ይሰጡታልና። ሊዮ ፒ የሚባለውን ድንክ ተመልከቱ። ከኛ 5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። የሚያበራ የሃይድሮጅን ደመናው አንድ ብቻ ነው፤ ያንንም የሚያበራው አንድ ግዙፍ ኮከብ ሳይሆን አይቀርም። ያ ኮከብ ሲሞት በቀዩ ብርሃን የሚለካ ሰው ዜሮ ያገኛል። ትናንሾቹ ግን እየተወለዱ ሊሆን ይችላል።

ዘጎንጅ፦ አሁንም «እየተወለዱ» አልክ! ጋዙ በራሱ ስበት ተሰብስቦ ከጠጠረ ቃሉ «መርጋት» ነው። ፍኖተ ሐሊብ ብለን የለ? ወተት ይረጋል እንጂ አይወለድም።

ሀሌታ፦ መምህር፣ «የከዋክብት የመርጋት ምጣኔ» ቢባል አንባቢ የቆመ ነገር ይመስለዋል። ጋዙ እኮ እየወደቀና እየጋለ ነው የሚሰበሰበው። «ምሥረታ» ይሻላል።

ዘጎንጅ፦ ምሥረታ መሠረት ላለው ነው። ለማኅበር፣ ለከተማ። ኮከብ ምን መሠረት አለው?