እናቴ ፕሬድኒሶሎን በራሷ አቁማ ከአልጋ መነሣት አቃታት፤ ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?

የሆጤዋ (ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡40)
ደሴ ያላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ ለመገጣጠሚያ ሕመሟ ፕሬድኒሶሎን ትወስድ ነበር። ፊቷ አበጠ፤ ጎረቤቶቿ «ምን በልተሽ ነው እንዲህ የደላሽ?» እያሉ ሲቀልዱባት ተናደደችና ባለፈው እሑድ ተወችው። የነገረችኝ ዛሬ ነው። አሁን ሰውነቷ ሁሉ የተቀጠቀጠ ያህል ያማታል፤ ምግብ ስታይ ያቅለሸልሻታል፤ ልትነሣ ስትል ዓይኗ ይጨልምና የአልጋውን ራስጌ ይዛ ትቀራለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «መድኃኒቱን ጣልሽ ብሎ ይቆጣኛል» ትላለች። እቤት የሚያረግብላት ነገር ካለ ንገሩኝ።

ቶሳ ሥር (2፡46)
አብሽሪ እህቴ፣ የደሴ ብርድ ነው። ሰሞኑን እኛም ቤት ያልተኛ የለም። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልተሽ በማር አጠጪያቸው፤ በጋቢ ጠቅልለሽ አስተኛቸው።

ነርስ ከኮምቦልቻ (2፡51)
ብርድ ነው እያላችሁ አታዘናጓት። የሆጤዋ፣ ዋና ዋናውን አልነገርሽንም። በቀን ስንት ሚሊ ግራም? ለስንት ወር? አስመልሷቸዋል? ስኳር ወይም ግፊት አለባቸው?

የምጠይቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን በየቀኑ ያመርታሉ። ክኒኑ የዚያን ሆርሞን ሥራ ይሠራል። ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ሌላ ይዞላቸዋልና ይተኛሉ። ክኒኑ በአንድ ቀን ሲቋረጥ እነርሱ በአንድ ቀን አይነቁም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። ግፊት የሚወርደው፣ አቅም የሚከዳው በዚህ መሐል ነው።

ጡረተኛው መምህር (2፡58)
ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ፊሊፕ ሄንች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በመገጣጠሚያ ሕመም እግሯ ለታሰረ ሴት የዚሁ መድኃኒት ወገን የሆነውን ኮርቲዞን ቢወጋት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ተራመደች። በ1950 እርሱ፣ ኬንዳልና ራይክስታይን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዓለም ተአምር ተገኘ ብሎ ሲያጨበጭብ፣ የፊት ማበጥና የአጥንት መሳሳት ከኋላ ተከትሎ መጣ። ዛሬ ግን ወጣቱ ትውልድ የመድኃኒቱን ወረቀት እንኳ ሳያነብ…

ሐረጎ (3፡00)
መምህር፣ እናቲቱ ሆጤ ወድቀዋል፤ እርስዎ ስቶክሆልም ደርሰዋል።

ዳውዶ (3፡02)
እኔስ እናትሽ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ሁሉ መርዝ ነው። እኔ ለአለርጂ ታዝዞልኝ ሰባት ቀን ወስጄ በአንድ ጊዜ ጣልኩት፤ ምንም አልሆንኩም። የሚያማቸው መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ሲወጣ ነው፤ ይታገሡት።

የሆጤዋ (3፡05)
ስምንት ወር ሆኗታል። ወረቀቱ ላይ 5 ሚሊ ግራም ይላል፤ ጠዋት ጠዋት ሦስት ፍሬ ትውጥ ነበር። ስኳር የለባትም፤ ግፊት አላት፤ የግፊቱን ክኒን ዛሬም ውጣለች። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ አስመለሳት፤ አሁን ይህን ስጽፍ ደገማት።

ባለ ፋርማሲው ጎረቤት (3፡08)
ፕሬድኒሶሎኑን መልሺላቸውና ቀስ እያልሽ ቀንሺ።

ሐረጎ (3፡09)
ውሃ በጨው ይጠጡ። ግፊት ያነሣል ሲባል ሰምቻለሁ።

ነርስ ከኮምቦልቻ (3፡13)
የሆጤዋ፣ ሌላውን ሁሉ ተዪና ይህን አንብቢ። ዛሬ ማታ ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለባቸው። እስከ ነገ አታሳድሪያቸው።

የመድኃኒቱን ወረቀትና የተረፈ ክኒን ካለ ያዢ። በር ላይ «ድካም ነው» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ በዪ፦ «ስምንት ወር በቀን 15 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ወስዳ ከስድስት ቀን በፊት በድንገት አቁማለች፤ ታስመልሳለች፤ ስትቆም ዓይኗ ይጨልማል።» ይህን የሰማ ሐኪም ምን እንደሚያስብ ያውቃል። ለዚህ የሚሰጠው 100 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲሶን (ያው ኮርቲሶል በመድኃኒት መልክ) በመርፌና በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ነው። የደም ስኳራቸውም ይለካ፤ ሊወርድ ይችላል። ግፊታቸው ሳይለካ የግፊቱን ክኒን እንዳትደግሚላቸው።

ባለ ፋርማሲው፣ ምክርህ ለማያስመልስ ሰው፣ ያውም በሐኪም ትእዛዝ፣ ትክክል ነው። የሚያስመልስ ሰው የዋጠው ክኒን የት ይቀራል? ዳውዶ፣ ሰባት ቀንና ስምንት ወር አንድ አይደለም። ሐረጎ፣ ክኒን ባስተኛው ዕጢ ጨው የሚቆጥበው ሆርሞን አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን አያቆምም፤ የጎደላቸው ኮርቲሶል ነው፤ እርሱን ደግሞ ጨው አይተካውም።

ባለ ፋርማሲው ጎረቤት (3፡15)
እኔም ያልኩት እኮ ይህንኑ ነው። ፕሬድኒሶሎኑን መልሺላቸውና ቀስ እያልሽ ቀንሺ።

የሰኞ ገበያዋ (3፡17)
ልጄ፣ ለእናትሽ ይህን አንብቢላት። እኔ ለአስም ወስጄው ፊቴ ድፎ ዳቦ አክሎ ነበር፤ ሰርግ ቤት እንኳ በነጠላ ተሸፍኜ ነው የገባሁት። እኔም ጣልኩት፤ በአምስተኛው ቀን ተሸክመው ወሰዱኝ። ሐኪሙ ተቆጣኝ፣ እውነት ነው። ቁጣው ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ከዚያ መርፌውን ሰጠኝና ሌሊቱን ውሃ ለምኜ ጠጣሁ።

ኋላ በደንቡ አስቆመኝ። መጨረሻ ላይ 5 ሚሊ ግራሟን በምላጭ ለሁለት እየከፈልሁ፣ የተፈረፈረውን ዱቄት በጣቴ ጫፍ ከሣህኑ እየለቀምሁ፣ አምስት ወር ፈጀብኝ። በተቀነሰ ቁጥር ለጥቂት ቀናት ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ወደ ሐኪሜ እደውላለሁ እንጂ በራሴ አልጥለውም። ፊቴም ወደ ራሴ ፊት ተመለሰ በያት።

ባለ ባጃጁ (3፡20)
ሆጤ ነኝ። ሠፈርሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ አሁኑኑ እመጣለሁ። ሒሳብ አልቀበልም።

ነርስ ከኮምቦልቻ (3፡21)
ባጃጁ ከዘገየ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። መንገድ ላይ አታስቀምጫቸው፤ ጋደም ይበሉ፣ ራሳቸውን አንቺ ያዢ።

የሆጤዋ (3፡34)
ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። የሰኞ ገበያዋን ጽሑፍ ሳነብላት «እርሷም ጥላ ነበር?» አለችና ነጠላዋን አምጪልኝ አለች። ክኒኑን ጥየዋለሁ ያለችው ውሸቷን ነው፤ ረከቦቱ ሥር በፌስታል ቋጥራ አስቀምጣዋለች። ይዤው እየወጣሁ ነው።

ሐረጎ (እሑድ ጠዋት 1፡15)
የሆጤዋ፣ እናታችን እንዴት አደሩ?

ቶሳ ሥር (4፡02)
እኔም ልጠይቅ ገብቼ ነበር። የብርዱን ነገር ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። እግረ መንገዴን፣ ባለቤቴ ለፊቷ ማቅያ የምትቀባው ቱቦ ላይ ቤታሜታዞን የሚል አየሁ። ከዚህ ጋር ይዛመዳል?

ነርስ ከኮምቦልቻ (4፡10)
የዚሁ ወገን ነው፤ ፊት ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቀባ አይደለም። ለብቻው ጥያቄ ክፈትና ስንት ጊዜ እንደቀባች ጻፍልኝ፤ የቆዳ ሐኪምም ትታይ። የሆጤዋ፣ ስልክሽ ሲበራ አንድ ቃል ጣይልን።

ባለ ፋርማሲው ጎረቤት (8፡40)
ፕሬድኒሶሎኑን መለሱላቸው?