የአባቴን የፓርኪንሰን መድኃኒት በአኩፓንክቸር መተካት ይቻላል?

ጥያቄ፦
አባቴ የ68 ዓመት ሰው ሲሆኑ ፓርኪንሰን የተባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ 6 ዓመት ሆኗል፤ ሌቮዶፓ የተባለውን መድኃኒት በቀን 4 ጊዜ ይወስዳሉ። በቅርቡ ዘመዶቻችን መክረውን አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌዎችን ሰውነት ላይ በመሰካት የሚሰጥ ሕክምና) አስጀመርናቸውና ከአምስት ቀጠሮ በኋላ እንቅልፋቸው ተሻሻለ፣ የትከሻቸው ሕመምም ጋብ አለላቸው። አሁን ግን መርፌውን የሚሰጣቸው ባለሙያ መድኃኒቱን እየቀነሱ እንዲያቆሙ ነገራቸው። መድኃኒቱ ስለሚያቅለሸልሻቸው እናቴም በሐሳቡ ተስማምተዋል። እኔ ግን ፈርቻለሁና ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከነርቭ ሐኪም፦
እባክዎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡባቸው። ፓርኪንሰን የሚያዳክመው በአንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለው ስፍራ ያሉትን፣ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚረዳውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳት ነው፤ ሌቮዶፓ አንጎል ገብቶ ወደ ዶፓሚን ስለሚለወጥ ጉድለቱን ይሞላል፣ መርፌ ግን ይህን ሥራ ተክቶ እንደሚሠራ የተረጋገጠ ነገር የለም። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ከባድ የሰውነት ግትርነት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና ራስን እስከ መሳት የሚደርስ፣ ሕይወትንም የሚያሰጋ ሁኔታ ሊከተል ይችላል። ለማቅለሽለሹ ሐኪማቸው መጠኑንና ሰዓቱን ሊያስተካክሉላቸው ይችላሉ፤ እስከዚያው ከጥቂት ደረቅ ብስኩት ጋር ቢወስዱት ይቀላቸዋል። አንድ ነገር አደራ፦ ለማቅለሽለሽ ተብሎ ሜቶክሎፕራሚድ የተባለው መድኃኒት እንዳይሰጣቸው፤ የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግድ ፓርኪንሰንን ያባብሳል። እንቅልፋቸውን ካሻሻለላቸው አኩፓንክቸሩን ከመድኃኒቱ ጎን ቢቀጥሉ አልቃወምም።

መልስ፣ ከማይግሬን ታማሚ፦
የምኖረው ለንደን ነው። በዚህ አገር የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ በ2012 ባወጣው መመሪያ፣ ቶፒራሜትና ፕሮፕራኖሎል የተባሉት መከላከያ መድኃኒቶች ላልተስማሟቸው ወይም ላልሠሩላቸው የማይግሬን (ተመላላሽ ከባድ ራስ ምታት) ታማሚዎች በ5 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ እስከ 10 ቀጠሮ የሚደርስ አኩፓንክቸር እንዲታሰብ ይመክራል፤ እኔም በዚህ መንገድ ተጠቅሜያለሁ። ይሁን እንጂ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2016 ያወጣው ግምገማ እንደሚያሳየው የራስ ምታታቸው ድግግሞሽ ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው እውነተኛውን መርፌ ከወሰዱት 50 በመቶ፣ የማስመሰያውን ከወሰዱት ደግሞ 41 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ አለ፣ ግን ትንሽ ነው። ይህም ለማይግሬን ነው፤ ለማይግሬን የተገኘውን ማስረጃ ወስዶ ፓርኪንሰን ላይ መጫን ትክክል አይመስለኝም።

መልስ፣ ከፊዚዮቴራፒስት፦
መርፌዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚጣሉ መሆናቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ። አባትዎ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለላቸው ከሆነ ባለሙያው አስቀድሞ ይወቅ፤ በተለይ በመርፌው ላይ ኤሌክትሪክ የሚለቀቅ ከሆነ። ፓርኪንሰን ያለባቸው ሰዎች ሲነሡ የደም ግፊታቸው ስለሚወርድ፣ ከአልጋው ላይ ጥቂት ተቀምጠው ይነሡ፣ አጠገባቸውም ሰው ይቁም።

ከጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሌቮዶፓው መጠን አልተነካም፤ ለእናቴም የሐኪሙን መልስ አንብቤላቸዋለሁ። ሰኞ ከነርቭ ሐኪማቸው ጋር ስለ ማቅለሽለሹ እንነጋገራለን።