ሀዋሳ ላይ ከልጆችና ከእናቴ ጋር ቀለል ያለ የእግር ጉዞ፦ ከየት ጀምረን በየት እንዙር?

የአዳማዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት እንደተዘጋ ከአዳማ ወደ ሀዋሳ ልንሄድ ነው። እኔና ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጄ፣ የ4 ዓመት ሴት ልጄ እና እናቴ ነን። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገት አትችልም። የዛፍ ጥላ ያለው፣ ሐይቁን እያየን ሄደን፣ ዞረን የምንመለስበት መንገድ ነው የምፈልገው። ታቦር ተራራ ውጡ ያሉን አሉ። ይሆነናል? ዝናቡስ?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ታቦር ለዛሬ ይቅርባችሁ። ከላይ ሆነሽ ከተማውም ሐይቁም ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ግን ለእናትሽ ጉልበት አይሆንም። ዝናብ ከነካው ደግሞ ያንሸራትታል።

እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ የምወስደው ከአሞራ ገደል (የዓሣ ገበያው ካለበት) ተነስቼ በሐይቁ ዳር ወደ ፍቅር ሐይቅ (ስሙ ነው እንጂ ሌላ ሐይቅ አይደለም፣ እዚያው ሐይቁ ዳር ያለ መዝናኛ ነው)፣ ከዚያ በከተማው በኩል ዞሬ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው። ትልልቅ ዛፎች ስላሉ ጥላ አታጪም። እናትሽ ከደከማቸው ፍቅር ሐይቅ ላይ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጡ፤ መመለሻውን በባጃጅ ያድርጉት።

ብቻ በጠዋት ውጡ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ብትደርሱ እመርጣለሁ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ናት፤ ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል። ከሰዓት ግን ፊት ለፊት ትመጣና ዓይን ታጠፋለች። በዚያ ወቅት ዝናቡም ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋሱም ያኔ ይነሳል፣ ሐይቁ ይናወጣል። ጀልባ የምትፈልጉ ከሆነ እሱንም በጠዋት ጨርሱት።

ልጆችሽ የሚወዱት የዓሣ ገበያውን ነው። አጥማጆቹ መረባቸውን ያወርዳሉ፣ ቆሮሶውና አምባዛው ይለያል፣ ልጆች ቁጭ ብለው ቅርፊቱን በቢላ ይገፋሉ። አባ ኮዳዎቹ ደግሞ አጠገባቸው ተገትረው አንጀቱ እስኪወረወር ይጠብቃሉ። ራሳቸው በራ ነው፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል፣ ቁመታቸው ከትንሿ ልጅሽ ይበልጣል። እጇን ያዣት፤ አይተናኮሉም፣ ግን ምንቃራቸው ትልቅ ነው።

ከገበያው አለፍ ስትሉ ዛፎቹ ላይ ቀና በሉ። ጉሬዛዎች አሉ። ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ ጅራታቸው ጫፉ ላይ እንደ ጭራ ይበተናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ምንም አታብሏቸው። ፎቶ ለመነሳት ብለው ዳቦና ብስኩት የሚዘረጉ ሰዎችን ሳይ ውስጤ ይቃጠላል። ጉሬዛ ኑሮው ቅጠል ነው። ጨጓራው በክፍል በክፍል የተከፋፈለ፣ ቅጠሉን እያብላላ የሚፈጭ ነው። ዳቦው ያሳምመዋል። ለልጅሽ ይህን ቀድመሽ ንገሪው፤ የ9 ዓመት ልጅ ምክንያቱ ከተነገረው ከአዋቂ በላይ ይጠነቀቃል። ጦጣዎቹ ግን ሌላ ጉድ ናቸው። ሙዝ ካዩ ከእጅ ይነጥቃሉ። ምግባችሁ ዚፑ በተዘጋ ቦርሳ ይሁን።

ጉዱማሌንም ለልጆቹ አሳዪያቸው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ የሚከበርበት ሜዳ ነው። በዓሉ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ነጭ ጋውን፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ጤናውን ልጨምር። ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ እግራቸውን እንዳይነክሩ። የቢልሃርዚያ ትል ቀንድ አውጣ ላይ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል፤ ቁስል አይፈልግም። በተለይ ሣርና ደንገል ካለበት ዳርቻ ራቁ። እዚያ አካባቢ ጉማሬም ሊኖር ይችላል። ማታ ደግሞ አጎበር አይርሳችሁ፣ ወባ አለ።

የአዳማዋ፦
ተባረኩ! ጠዋት ወጥተን እንሞክረዋለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ እዚያ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ይበላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ጓጉቷል፤ ለልጆቹስ?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
ለልጆቹ አልመክርም። ሾርባውን ስጫቸው፣ ትኩሱን። ጥብስ ካዘዝሽ ቆሮሶ ብዙ አጥንት ስላለው ሥጋውን በጣትሽ እየፈለፈልሽ አጉርሻቸው። ለባለቤትሽም ቢሆን ጥሬው ዓይኑ እያየ ከጀልባ የወረደ ይሁን። ዳጣውን ደግሞ በትንሹ ይጀምር።